አሮጌውን ኤክስፒ ከኮምፒውተር ስለ መሻር

የሠፈራችን እድር ኮምፒውተር በየጥዋቱ ሲበራ፣ አንደኛው ዊንዶውስ 10፣ ሁለተኛው ስሙ እንኳ ሳይጠራ «ቀደም ያለው ዊንዶውስ» የተባለው ኤክስፒ ሆኖ፣ ሁለት ስም በስክሪኑ ላይ አስፍሮ፣ ከሁለቱ በየትኛው ልነሣ እያለ 30 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልሁባቸው ዓመታት፣ አዲሱ በፊቴ ተዘርግቶ ሳለ ሁልጊዜ አሮጌውን እመርጥ ነበር። ይህንም የማደርገው አሮጌው ተሽሎኝ ሳይሆን፣ የአባላቱ ስም፣ የመዋጮውና የቀብር ወጪው መዝገብ በእርሱ ላይ ብቻ ይነበብ ስለ ነበረ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ኤክስፒን ፈጽሞ ለመሻር ቈረጥሁ፤ ከዚያ ሥራ የተማርሁት ነገር በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየደብሩ ጽሕፈት ቤት ያሉትን ወገኖቼን የሚነካ መስሎ ስለ ታየኝ በጋዜጣ ላወጣው ወደድሁ።

ኤክስፒ ክፉ አገልጋይ አልነበረም። በጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ፣ በአገራችን ብዙ ሰው ኮምፒውተር የሚባለውን መሣሪያ መጀመሪያ የተዋወቀው በእርሱ ነው፤ ያ አረንጓዴ ኮረብታና በላዩ የተዘረጋው ሰማያዊ ሰማይ ከነደመናው፣ ከጽሕፈት ማሠልጠኛው እስከ ኢንተርኔት ካፌው ድረስ ዓይናችን የለመደው ሥዕል ነበረ። ነገር ግን የሰው እጅ ሥራ ሁሉ ኃላፊ ነውና፣ ሠሪው ማይክሮሶፍት በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጥገናውን አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በቅጥሩ ላይ የሚገኝ ቀዳዳ ደፋኝ የለውም። የዚህም ፍርሃት ባዶ አለመሆኑ በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታየ፤ የሰውን ፋይል ቈልፎ የመክፈቻ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ በአንድ ቀን ብዙ አገሮችን ሲያዳርስ፣ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሺህ የሚቈጠሩ ሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ፣ ማይክሮሶፍትም ጥገናው ከቆመ ሦስት ዓመት ላለፈው ለኤክስፒ ሳይቀር ከደንቡ ውጭ መከላከያ ለማውጣት ተገደደ።

«የእኛ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም፤ በሽታው ከየት ይመጣበታል?» የሚሉ አሉ፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ፍላሽ ግን ጥዋት ከማተሚያ ቤት፣ ቀትር ላይ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ማታ ከተማሪ ኪስ እየወጣ ሲዞር የሚውል ነው፤ ያልታደሰ ኤክስፒም ፍላሹን ለመክፈት ሁለት ጊዜ ሲጫኑት በውስጡ የተሸሸገውን ትእዛዝ አብሮ ይፈጽማል። አንድ ቀን ቃለ ጉባኤ አሳትሜ ስመለስ፣ የፍላሹ ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው፤ ስማቸው እንደ ነበረ አለ፣ ሥጋቸው ግን ተሰውሯል።

እንግዲህ አደጋው ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ስለ ምን ዘገየን? ብዙዎች ምክንያቱን በድህነትና በስንፍና ላይ ያሳብባሉ፤ እኔ ግን ዋናው ማሰሪያ የገዛ ፊደላችን እንደ ሆነ አምናለሁ። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት፣ የቀድሞው ዘመን ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት ይሰጥ ከነበረው 256 ቦታ ያልፋሉ። ስለዚህ እነ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን ያዘጋጁ ወገኖቻችን፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ ለላቲን የተመደበውን ስፍራ ተውሰው፣ ፊደሉን በልዩ ልዩ ፎንት ከፋፍለው፣ አማርኛን በዚያ ጠባብ ቤት አሳደሩልን። በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ፊደላችን ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የተለየ ቍጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የራሱን ርስት አገኘ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ እኛ ግን በአሮጌው የጻፍነውን ወደ አዲሱ ሳንመልስ ቀረን። የእድሩን መዝገብ በዊንዶውስ 10 ስከፍተው፣ የቀበርናቸውም የሚቀብሩንም ሰዎች ስም በነበረበት ቦታ፣ የላቲን ፊደል ከቅንፍና ከጥያቄ ምልክት ጋር ተደበላልቆ ታየኝ።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ቀድመውናል። ብራናው ተበልቶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ንባቡ ሊጠፋ ሲል፣ ጸሐፊው አዲስ ብራና ዳምጦ፣ አሮጌውን መጽሐፍ በአትሮንስ ዘርግቶ፣ ቃል በቃል ይገለብጠዋል፤ ተገልብጦም አያበቃም፣ ንባብ አዋቂ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ ካረመው በኋላ ነው አሮጌው ከአገልግሎት የሚያርፈው። በዘመናችን ግን ባለሙያው ገና ወንበር ሳይስብ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ባለቤቱም ወይ እሺ ብሎ የዓመታት ጽሑፍ ያጠፋል፣ ወይ ፈርቶ አሮጌውን እንደ ታቀፈ ይኖራል።

እኔና ገንዘብ ያዣችን ግን የአባቶችን መንገድ ይዘን አራት ቅዳሜ ሠራን። አሮጌውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም ዋናውን ድካም አቀለለልን፤ ነገር ግን ፕሮግራም ዓይን የለውምና፣ ገንዘብ ያዡ ከካርኒው ጕርድ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ እኔ ከስክሪኑ ላይ እየተከተልሁ፣ እያንዳንዱን ስም አስተያየን። ከሁሉ ይልቅ የተጐዱት ዲቃሎቹ ነበሩ፤ ጓንጉል የሚለው ስም ጓው ወድቆ «ንጉል» ሆኖ ተገኘ። ያን ስም በእጄ ሳቃና፣ እነዚያን አራት ቅዳሜዎች ብንነፍገው ኖሮ አንድ የእድር አባት ከመዝገብ እንዲህ ሊቀር እንደ ነበረ አሰብሁ።

መሻሩ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ጐን ሲጫን፣ የመነሻ ፋይሎቹን ብዙ ጊዜ በአሮጌው ክፍል ላይ ያኖራልና፣ ያን ክፍል ከሌላ ዲስክ ተነሥቶ የደመሰሰ ሰው አዲሱንም አብሮ ያስተኛዋል። የሃርድ ዲስኩን ክፍሎች በሚያሳየው መስኮት «ሲስተም» የሚለው ቃል በኤክስፒ ክፍል ላይ ተጽፎ ባገኘው፣ የመነሻ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ክፍል አስገልብጬ፣ ማሽኑም በዚያ እንደሚነሣ ፈትኜ፣ መዝገቡንም በሁለት ፍላሽ ለሁለት ሰው ካስቀመጥሁ በኋላ ብቻ አሮጌውን ደመሰስሁት። ለመታሰቢያ በጥግ ይቈይ የሚል ምክር ነበረ፤ አልተቀበልሁትም፤ ተኝቶ የቆየ ኤክስፒ አንድ ቀን በችኰላ የሚነሣ ሰው አያጣምና። ዊንዶውስ 10 ራሱ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥገናው ቆሞበታል፤ ቀጣዩ ሥራችን እርሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን ዛሬ በዩኒኮድ ስለ ሆነ፣ ወደ ሌላ ዊንዶውስም ሆነ ወደ ሊኑክስ ብንሻገር ፊደሉ አይፈርስም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና አድባራት አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ፣ መዝገብ አስገልባጭና አራሚ የሚሆን ገንዘብ አብረው እንዲመድቡ አጥብቄ እለምናለሁ።

ኤክስፒን በሻርሁ በሦስተኛው ቀን፣ የአንዲት እናት ዕረፍት በሌሊት ተነገረን። ጥዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ምንም ሳይጠይቀኝ ተነሣ፤ የቀብር ማስታወቂያ ለመጻፍ የባላቸውን ስም በመዝገቡ ፈለግሁ፤ ጓንጉል ከነጓው ወጣ።