ከመፍታት በፊት መመርመር

አባቴ በአሮጌ ቶዮታ ፒካፕ የቄራን ነጋዴዎች ዕቃ እያመላለሱ ያሳድጉናል። ባለፈው ክረምት መኪናይቱ በሜዳ ደኅና ትሄድና ዳገት ላይ ሞተሯ ይጠፋ ጀመር። አንድ መካኒክ ሳይመረምር «ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ፈረደ፤ የጠየቀውም ዋጋ የትምህርት ቤት ክፍያችንን የሚበላ ነበር።

እኔም አባቴን አስፈቅጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። የቤንዚን ሞተር ቤንዚን፣ አየርና እሳት ይሻልና በተራ መረመርሁ። እሳቱ ደኅና ነው። የካንዴላው ጫፍ ግን ነጥቷል፤ ቤንዚን በዝቶ ቢሆን ኖሮ በጠቆረ ነበር። እንግዲህ ያነሰው ቤንዚን ነው አልሁ። የቤንዚኑን ፊልትሮ ብፈታው በዝገት ተደፍኖ ኖሯል። እሱን ለውጬ የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ ባጸዳ መኪናይቱ ዳገቱን ወጣች።

አንድ ጎረቤታችን ግን «ተማሪ ሆነህ እጅህን በግራሶ ታቆሽሻለህ?» አሉኝ። ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን ዛሬም አልለቀቀንም።

ባለሙያውን እንናቅ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ውድ ጓደኞቼ፣ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን በእጃችን ካልሞከርነው ደብተር ውስጥ ይቀራል። ወላጆችም የልጆቻችሁ እጅ በሥራ ሲቆሽሽ አትቆጡ።