ከቤት ውጭ ስለሚበላ ምግብ

በአዊ ዞን ወደምትገኘው ወደ ግምጃ ቤት ለገበያ ወይም ለጉዳይ የሚመጣ ሰው ቀትር ሲሆን ምግብ ቤት መግባቱ የግድ ነው። ነገር ግን በወጡ ውስጥ የገባውን የዘይትና የጨው ልክ ተመጋቢው አያውቀውም። በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ስለሚቀር ምግቡ ሁሉ ለጤና የሚስማማ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከውጭ አገር የሚገባው የፓልም ዘይት እኩሌታው እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ስለ ሆነ፥ ሲበዛ የልብን ደም ሥር ይጎዳል። ጨውም ሲበዛ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዲያንስ መክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብ ደኅንነት እንዲጠበቅ ደንግጓል፤ አዋጅ ግን ያለ ተቆጣጣሪ ድስት ከፍቶ አያይም። እንግዲህ የጤና ሹማምንት ወጥ ቤቱን እየገቡ ቢመረምሩ፥ ካህናትም ጾም ከመጠን አለማለፍ ጭምር መሆኑን ቢያስተምሩ ለሕዝቡ ታላቅ ጥቅም ይሆናል።