ከአገሩ የተሰደደው ባለሙያና ወደ በርሊን የተመለሰው ቅርስ

የፊልም ሥራ በተነሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠቀሱት ተዋንያንና ዳይሬክተሮች ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸምበትን ክፍልና አዳራሽ ነድፎ የሚያስገነባው የፕሮዳክሽን ዲዛይነር ግን እምብዛም አይታወቅም። በዚህ ሙያ አንጋፋ ከነበሩት አንዱ የሰር ኬን አዳም የሥራ ዘመን ከኪነ ጥበብ ባሻገር ለመንግሥት አስተዳደርም የሚሰጠው ትምህርት አለ።

አዳም እ.ኤ.አ. በ1921 በበርሊን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ናዚዎች ሥልጣን መያዛቸውን ተከትሎ ቤተሰቡ በ1934 ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በለንደን ሥነ ሕንፃ የተማሩት አዳም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል ተዋጊ አብራሪ በመሆን በተወለዱበት አገር ጦር ላይ ዘምተዋል። ከጦርነቱ በኋላም በንድፍ ሠራተኝነት ወደ ፊልም ሙያ ገቡ።

በ1962 ለዕይታ የበቃው የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም "ዶክተር ኖ" ዝናቸውን ከፍ አደረገው። በ1964 "ዶክተር ስትሬንጅላቭ" ለተሰኘው ፊልም የነደፉት የጦር አመራር አዳራሽ ደግሞ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ግዙፉ ክብ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ እንዲለብስ ተደርጓል፤ ዓላማውም ባለሥልጣናቱ በዓለም ዕጣ ፈንታ ላይ ቁማር የተቀመጡ ያህል ተዋንያኑ እንዲሰማቸው ነበር። አዳም "ባሪ ሊንደን" እና "ዘ ማድነስ ኦፍ ኪንግ ጆርጅ" በተሰኙት ፊልሞች ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኙ፣ በ2003 የሰርነት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁም ነገሮችን ማንሳት ይገባል። አንደኛው፣ ዜጋን በማንነቱ ማሳደድ በወቅቱ ከሚያደርሰው በደል ባሻገር ለትውልድ የሚዘልቅ ኪሳራ መሆኑ ነው። በርሊን ያሳደደችው የ13 ዓመት ልጅ ዕውቀቱንና ጉልበቱን ያዋለው ለተቀበለችው አገር ነው።

ሁለተኛው የሰነድ አያያዝን ይመለከታል። የፊልም ግንባታ ቀረጻው ሲያበቃ በአብዛኛው ይፈርሳል፤ ከፊልሙ ሌላ የሚቀረው ንድፉ ብቻ ነው። አዳም በ2012 በሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎቻቸውን ለበርሊኑ የፊልም ቤተ መዘክር ለዶይቸ ኪኔማቴክ አስረክበዋል። ተቋሙም ለሕዝብ በኤግዚቢሽን አቅርቧቸዋል። ቅርስን ተረክቦ የሚጠብቅ ብቁ ተቋም ባይኖር ይህ ባልተቻለ ነበር።

አዳም በ2016 በ95 ዓመታቸው በለንደን አርፈዋል። ንድፎቻቸው ወደ ትውልድ ከተማቸው ቢመለሱም የሥራ ዘመናቸው ግን አልተመለሰም። ቅርስን መጠበቅ የሚገባውን ያህል፣ ባለሙያውን በሕይወት ሳለ በአገሩ በክብር ማኖር ከሁሉ የሚቀድም የመንግሥት ኃላፊነት ነው።