«ካልተመቸህ ውጣ!»

አዲስ ቤት የሠራን ሰው «ቤት ለእንቦሳ!» እንለዋለን፤ እርሱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ ምርቃት የተሻለ የቤት ትርጉም አላውቅም። ቤት ማለት ላም የምትወልድበት፣ እንቦሳ የሚታሰርበት፣ ሕይወት የሚቀጥልበት ስፍራ ነው ማለት ነውና። በከተሞቻችን ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ሌላ ትርጉም ከበቀለ ሰነባበተ፤ ቤት ማለት አራት ግድግዳና አንድ ቁልፍ ሆኗል። ውሃው ቢደርቅ፣ መብራቱ ቢቃጠል፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ቢፈስ፣ ግድግዳውና ቁልፉ እስካሉ ድረስ ቤት ነው ይባላል፤ ኪራዩም ሳይጎድል ይቆጠራል። ተከራዩ አፉን የከፈተ እንደሆነ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ካልተመቸህ ውጣ!»

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ጋር ሙግት ለመግጠም የተጻፈ ነው።

የምጽፈው ከይፋግ ነው። ይፋግ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኝ፣ በጥንቱ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። እንግዳ ማሳደር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ስንቁን ቋጥሮ ከገጠር ለትምህርት የመጣው ተማሪ በየክፍላቸው ተደርድረው ይኖራሉ፤ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ሽንት ቤት። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ ምድር ውሃ ትጠግባለች፤ የጠገበች ምድር ደግሞ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ አትውጥም፣ ትተፋዋለች። ሜዳው በውሃ ተሸፍኖ ሳለ የግቢው ቧንቧ ተበላሽቶ ወር አልፎታልና፣ ተማሪዋ ጀሪካን አንጠልጥላ ቦኖ ፍለጋ ትወጣለች። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ማን ይጠግነው?

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ብልሽት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአጥር ውጭ የሚመጣው ነው፤ የከተማው መስመር ሲሰበር፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል። ይህ የአከራዩም የተከራዩም ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የውሃውና የመብራቱ ውል በአከራዩ ስም የተመዘገበ እስከሆነ ድረስ ሄዶ ማመልከትና መከታተል የእርሱ ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከአጥር ውስጥ በእርጅና የሚመጣው ነው፤ የዛገ ቧንቧ፣ የተላጠ ሽቦ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የሞላ ጉድጓድ። ይህ ያለ ክርክር የአከራዩ ነው። ሦስተኛው በተከራዩ እጅ የደረሰ ጉዳት ነው፤ አቅም በሌለው ሽቦ ላይ ሁለት ምድጃ የሰካ፣ ጨርቅና ፌስታል ሽንት ቤት የጣለ ተከራይ ያበላሸውን ይጠግን። «ቤቱ የእኔ አይደለም» ብሎ የሰው ንብረት የሚያጎሳቁል ተከራይ፣ «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ሰው ከሚያጎሳቁል አከራይ አይሻልም።

ይህን ከራሴ አላመነጨሁትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ሲደነግግ፣ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮም ስለ ቤት ኪራይ ለይቶ ሲናገር፣ የአከራይን ግዴታ በቁልፍ ማስረከብ አያበቃውም። አከራይ ቤቱን በኪራዩ ዘመን ሁሉ በደህና ይዞታ ማቆየት፣ በተከራዩ ላይ ያልተጣለውንም አስፈላጊ ጥገና ማድረግ አለበት። በሌላውም ዓለም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ የ1985 (እ.ኤ.አ.) የአከራይና ተከራይ ሕግ በአጭር ዘመን ኪራይ የውሃውን፣ የመብራቱንና የመጸዳጃውን መሣሪያ በደህና ማቆየትን በአከራዩ ላይ ጥሎታል። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግማ ከዚህም ይርቃል፤ ቤቱ ለመኖሪያነት ሲጎድል ኪራዩም በጉድለቱ ልክ በሕግ ይጎድላል። ፍትሕ ማለት ይህ አይደለምን? የጎደለ ቤት፣ የጎደለ ኪራይ!

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዝዟል። መልካም አዋጅ ነው። «ካልተመቸህ ውጣ» የሚለው ቃል ጥርስ የሚኖረው ተከራዩ ነገ ሊባረር የሚችል ሲሆን ነውና። ነገር ግን አዋጁ በክልሎች የሚሠራው እነርሱ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የትንሿ ከተማ ተከራይ ያንን የ1952ቱን ሕግ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ እርሱ ከተማ አይመርጥምና።

በባንክ መስኮት ጀርባ ውሎ የሚገባ ሰው ሒሳብ ይቀናዋልና አንድ ሒሳብ ላስላ። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ፣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ የቤት አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው 50 በመቶው ለጥገናና ለእርጅና ተቀናሽ እንዲሆንለት ደንግጓል። ምጣኔው በየጊዜው ሊሻሻል ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። መንግሥት ለአከራዩ «ከምትቀበለው ገንዘብ ከፊሉ ትርፍህ አይደለም፤ የቤቱ መጠገኛ ነው፤ ስለዚህ ግብር አልጠይቅህም» ብሎታል። ታዲያ ለግብር ጊዜ የተቆጠረው የጥገና ገንዘብ ቧንቧው ሲደርቅ ወዴት ይሄዳል? ላም አለኝ በሰማይ…

ሌላም ሒሳብ አለ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን የሚጨምር ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አምስት ተከራዮች በየራሳቸው ቆጣሪ በወር 50፣ 50 ቢጠቀሙ ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይከፍላሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲታጎሩ ግን ድምሩ 250 ይሆንና ከ200 በላይ ካለው እርከን ይገባል። በአንዲት አምፖልና በአንዲት ምድጃ የሚኖር ተማሪ እንደ ባለ ቪላ ይከፍላል ማለት ነው። ለአምስት ቤት ያልተዘረጋው ሽቦ የተቃጠለ ዕለት ደግሞ «እናንተ አበዛችሁበት» ይባላል። አምስት ክፍል አከራይቶ የአንድ ክፍል ሽቦ የዘረጋው ማን ሆነና?

አንባቢ ሆይ፣ «አከራይ ሁሉ ባለጸጋ ነውን?» ብለህ ትሞግተኝ ይሆናል። አይደለም። ከሁለት ክፍል ኪራይ ነፍሳቸውን የሚያቆዩ አሮጊት በየሰፈሩ አሉ። እኒህ እናት ቧንቧ ለማስቀየር በአንድ ጊዜ ገንዘብ ላይገኝላቸው ይችላል። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። ተከራዩ በስምምነት አስጠግኖ፣ ደረሰኙን አሳይቶ፣ ወጪውን በሁለት በሦስት ወር ከኪራዩ ቢቀንስ የእማማም ቤት ይድናል፣ የልጁም ጀርባ ከጀሪካን ያርፋል። ቤቱን ሳይጠግን የሚያከራይ ሰው አተረፍሁ ይበል እንጂ በየወሩ ቤቱን እየቆረሰ መሸጡ ነው።

ታሪክም ይመሰክራል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራይ ወረደ፤ አነስተኛ ኪራይ የነበራቸው ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ከአከራይ ተገላገለ፤ ጣራው ግን ማፍሰሱን አላቆመም! ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ሆነና ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ከዚህ የምንማረው፣ የባለቤቱ ስም መለወጥ ብቻውን ቧንቧ እንደማይጠግን ነው። የሚጠግነው ከኪራዩ ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብና «እኔ ነኝ» ብሎ የሚጠየቅ ሰው ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮች ሲያምፁ አንብበን በልባችን ከገባሮቹ ጋር ዘምተናል። መጽሐፉን ከድነን ስንነሣ ግን በጓሮአችን ላለው ተከራይ «ካልተመቸህ ውጣ» የምንል ከሆነ ንባባችን ምን ፈየደልን? ቋንቋችን እንኳ ከእኛ ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ አከራይንና ተከራይን ከአንድ ሥር አብቅሎ በአንዲት ፊደል ብቻ ለያቸው፤ አንዱ «አ»፣ ሌላው «ተ»።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በምንፈራረምባት የኪራይ ውል ላይ ከገንዘቡ ቁጥር ሥር ሦስት መስመር ይጨመር፦ ውሃ፣ መብራትና ሽንት ቤት ሲበላሹ ማን ይጠግናል? በስንት ቀን? ካልተጠገነስ ከኪራዩ ስንት ይቀነሳል? ይህን መጻፍ ወረቀት አይፈጅም፤ ጎረቤትን ግን ከጠብ ያድናል። ላልጻፉት ደግሞ ይህችን አራት መስመር ትቼ ልሰናበት።

ውሃው ከደረቀ፣ ከጠፋ መብራቱ፣
ግድግዳ ነው እንጂ የታለ ቤትነቱ?
ኪራይ ለመቀበል ማልዶ የመጣ እግር፣
ምነው ያነክሳል ጣራው ሲሸነቆር?

ቸር እንሰንብት!