የሥዕል መምህር ማኅደር

የሥዕል መምህርነት ለመሠልጠን የሚያመለክት ወጣት የሥራዎቹን ማኅደር እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንዶች ማኅደሩን ከፖስት ካርድ በተገለበጡ ውብ ሥዕሎች ይሞሉታል። እንዲህ ያሉት ሥዕሎች የእጅን ቅልጥፍና ቢያሳዩም የአመልካቹን አስተውሎት አያሳዩም።

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚገኘው የማከሬሬ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ትምህርቱን የጀመሩት ማርጋሬት ትሮዌል፣ ተማሪዎቻቸው የአውሮፓን ሥዕል ከመቅዳት ይልቅ ከሚያውቁት ሕይወት ተነሥተው እንዲሥሉ ያበረታቱ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት ኬንያዊው ግሪጎሪ ማሎባ በኋላ በዚያው መምህር ሆኑ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ስትወጣ በካምፓላ የቆመውን የነጻነት ሐውልት የቀረጹትም እርሳቸው ናቸው።

መገልበጥ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም የመምህራቸውን ሥራ እየተከተሉ እጃቸውን አፍታተዋል። ይሁን እንጂ የልምምድ ሥራን እንደ ራስ ፈጠራ አድርጎ ማቅረብ ፈታኙንም ራስንም ማታለል ነው።

ስለዚህ አመልካቹ የሰፈሩን ገበያ፣ የደጃፉን ዛፍ፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን አይቶ ይሣል። ከተጠናቀቀው ሥዕል ጎን የመጀመሪያውን ንድፍና የታረመውንም ያስቀምጥ። የመምህር ተግባር ሌላውን ከስሕተት ወደ ተሻለ ሥራ መምራት ነውና፣ እርሱ ራሱ በዚያ መንገድ ማለፉን ማኅደሩ ሊመሰክርለት ይገባል።