ግራይንደር መጋዝ አይደለም

ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ ጋላባት፣ ከዚያም በዶካ በኩል ገዳሪፍ ድረስ በሚዘልቀው መንገድ፣ በእንጨት ሥራ በሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ። ለብረት የተገዛው ግራይንደር ጥርስ ያለው ዲስክ ከተገጠመለት መጋዝ ሆነ፣ ሌላ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ይባላል። ለእንጨት የተሠራውን ክብ መጋዝ፣ ሰርኩላርን፣ ልግዛ የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ ባለሱቁን የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ብቻ ነው። ሁለቱም ልማድ ሥራ ያበላሻል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ጣት ያስቆርጣል። ሁለቱም መቅረት አለባቸው።

ልማዱ ከስንፍና አልመጣም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የገዳሪፍ መጠለያ ኡም ራኩባ ኅዳር 2013 ዓ.ም ከትግራይ ለሸሹት እንደገና ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቱናይድባ የተባለ ሌላ መጠለያ ተጨመረ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከዋና ከተማው የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ከፊሉም ድንበሩን አልፎ መተማ ገባ። ባዶ እጁን የደረሰ አናጢ አንድ ማሽን ብቻ መግዛት ከቻለ፣ ጠዋት የብረት በር ከሰዓት የአልጋ እግር የሚቆርጥለትን ይመርጣል። ይህን ስሌት አከብራለሁ። ስህተቱ ያለው ግን የችግር ጊዜ ብልሃት የሙያ ሥርዓት ተደርጎ ለተለማማጅ ልጆች ሲወረስ ነው። ዛሬ ሁለት ግራይንደር ያለው ባለ ወርክሾፕ እንኳ ሰርኩላር አይገዛም፤ ገንዘብ ስለቸገረው ሳይሆን ልዩነት የለውም ብሎ ስላመነ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባለ 115 ወይም ባለ 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ባለ 185 ሚሊ ሜትር ሰርኩላር ከ5,000 እስከ 6,000 ገደማ። የግራይንደር መከለያ የተሠራው የብረት ፍንጣሪ ለመመለስ እንጂ ጥርስ ለመሸፈን አይደለም። ማብሪያው በብዙዎቹ ላይ ተገፍቶ ይቆለፋል፤ ማሽኑ ከእጅ ቢያመልጥ መሬት ላይ እየዘለለ መዞሩን ይቀጥላል። ሰርኩላር ላይ ግን ጣት ከማብሪያው ሲነሳ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ዲስኩ ከእንጨቱ ሲወጣም የታችኛው መከለያ በስፕሪንግ ተመልሶ ጥርሱን ይሸፍናል። ከሁሉ የከፋው ትልቅ የእንጨት ዲስክ ለማስገባት የግራይንደሩን መከለያ ፈትቶ መጣል ነው። እያንዳንዱ ዲስክ የሚችለው የመጨረሻ የዙር ፍጥነት ላዩ ላይ ታትሞበታል። ያንን ሳያነብ የሚያስር ሰው የሚገምተው በራሱ ሥጋ ላይ ነው።

በሥራ ጥራት በኩልም ግራይንደሩ አያዋጣም። የትንሹ ግራይንደር ዲስክ ከ3 ተኩል ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልቅም። 5 በ7 ሞራሌ ለመቁረጥ ከሁለት ወገን መግባት ግድ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች መሀል ላይ አይገናኙም፣ ጫፉ ደረጃ ይሠራል፣ መጋጠሚያው በጨርቅና በኮላ ይሞላል። ማሽኑን እንጨቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰሌዳ ስለሌለው 45 ዲግሪ የሚባለው ነገር በዓይን ግምት ይቀራል።

ከጎጃምና ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደው የባሕር ዛፍ አጣና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ የተወጠረ ጉልበት ያጠራቅማል፤ በተለይ እርጥቡ ሲቆረጥ መስመሩ ተመልሶ ይዘጋና ዲስኩን ያንቃል። የታነቀ ዲስክ ማሽኑን ወደ ሠራተኛው ያፈናጥረዋል። ይህ እንዳይሆን በጥሩ ሰርኩላሮች ላይ ከዲስኩ ጀርባ የምትቆም፣ የተከፈተውን መስመር እንዳይዘጋ የምትይዝ ስስ ብረት አለች። ብዙ ርካሽ ማሽኖች ላይ የለችም፤ ሲገዛ በዓይን መታየት ያለባት እሷ ናት። ብትኖርም ባትኖርም አጣናውን በሁለት ጫፉ ደግፎ መሀሉን መቁረጥ ክልክል መሆን አለበት። የሚቆረጠው ጫፍ ነፃ ወጥቶ መውደቅ ይገባዋል። የሱዳን ጣልሕና ሱንት ጠንካራ የግራር ዘሮች ናቸው፤ በደነዘዘ ጥርስ ከተገፉ እየጨሱ ይቃጠላሉ፣ ሠራተኛውም በደረቱ መግፋት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋቱ። ካርቶን ላይ የተጻፈው ዋት ማሽኑ ከመስመር የሚስበው ኃይል ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል፣ በርካሾቹ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ሞራሌና ጣውላ አቋርጦ ለመቁረጥ ከ1,200 እስከ 1,400 ዋት እውነተኛ ኃይል ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈለገው ወፍራም እንጨት በቁመቱ ለሚሰነጥቅ ሰው ነው።

ባለሱቁ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማሽኑ 45 ዲግሪ ሲዘነበል ምን ያህል ይዘልቃል? 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው የተለመደ ሰርኩላር ቀጥ ብሎ ወደ 6 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ 45 ዲግሪ ሲዘነበል ግን ወደ 4 ተኩል ይወርዳል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሞራሌ በዚህ ዝንባሌ ሲቆረጥ ዲስኩ የሚጓዘው መንገድ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በ2,000 ዋቱ ተማርኮ ይህን ማሽን የገዛ ሰው ለጣሪያው ወራጅ ጫፍ ሲያዘነብለው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይቀርበታል፤ ያንን ትርፍ በእጅ መጋዝ ይጨርሳል። ለ4 በ5 ሞራሌ ግን ያው ማሽን ይበቃል። 235 ሚሊ ሜትሩ ትልቁ ሰርኩላር አዘንብሎ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆርጣል፤ ክብደቱ ግን ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፣ መሰላል ላይ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም። የኔ ምርጫ ባለ 190 ሚሊ ሜትሩ፣ ተዘንብሎ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሞላውና 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ነው።

እግረ መንገዴን፣ የበር ክፈፍ ማእዘን ለመግጠም ማሽኑን ማዘንበል አያስፈልግም። እዚያ የሚያጋድለው መስመሩ ነው፤ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጥልቀቱም አይቀንስም። ለዚያ ሥራ አንድ ደህና ስኳድራ እንጨቱ ላይ አስሮ የማሽኑን ሰሌዳ ጠርዙን አስይዞ መግፋት ነው። ሰሌዳው ግን ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የዝንባሌ መለኪያው 45 ቢልም ቁርጡ 45 አይሆንም።

የመብራቱን ነገር ሳያነሱ በዚያ አካባቢ ስለ ማሽን ማውራት ከንቱ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ትንሹ የቤት ጄነሬተር ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ዋት በታች ነው፤ ሰርኩላር ደግሞ ሲነሳ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ትልቅ ዋት የሚገዛው ሰው ይህን ችግር በገንዘቡ እያባባሰ ነው። የገመዱም ጉዳይ አለ። 1,400 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 6.4 አምፔር ያህል ይስባል። በ50 ሜትር ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲሠራ 15 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሲነሳና ሲታነቅ ከዚያ በብዙ ይብሳል። ሽቦው 2.5 ቢሆን ኪሳራው ከ5 ቮልት በታች ነው። «ማሽኑ ደከመ፣ ተቃጠለ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የገመድ ጥፋት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ወይም ከሳዑዲ የመጣ ማሽን ካለ፣ ስፒናውን ከመለወጥ በፊት በላዩ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ያስፈልጋል፤ ባለ 120 ወይም ባለ 127 ቮልት ከሆነ በሱዳንም በኢትዮጵያም ሶኬት ላይ ወዲያው ይቃጠላል።

የባትሪ ሰርኩላር ለብዙዎች መፍትሔ መስሏል። ጣሪያ ላይ በእርግጥ ይመቻል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች ባትሪው ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ እንዳይሞላ ያስጠነቅቃሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የገዳሪፍም የመተማም ቀን እዚያ ይደርሳል። በቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ በቀትር የሚሞላ ባትሪ ዕድሜው አጭር ነው። በሌሊት ቢሞላ ይሻላል።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ባለ 24 ጥርስ ዲስክ ለመሰንጠቅ እንጂ አቋርጦ ለመቁረጥ አይደለም፤ ጫፉን ይፈረካክሳል። ባለ 40 ወይም ከዚያ በላይ ጥርስ ያለው ዲስክ መጨመር 500 ዋት ከመጨመር ይበልጣል።

ሰርኩላር ያላቸው ሰዎችም የሚሠሩት አንድ ጥፋት አለ፤ የታችኛውን መከለያ በሽቦ አስሮ ክፍት ማድረግ። «ይይዘኛል፣ መስመሩን ይጋርደኛል» ይላሉ። የሚይዘው በሙጫና በሰጋቱራ ስለተጣበቀ ነው፤ ብሩሽና ጥቂት ናፍጣ ያላቅቀዋል። የታሰረ መከለያ ያለው ሰርኩላር መሬት ሲቀመጥ ዲስኩ ገና እየዞረ ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጌታው እግር ሳይሆን የተለማማጁ ልጅ እጅ ነው።

በመጠለያዎቹና በድንበር ከተሞቹ ለሠልጣኞች የሥራ መሣሪያ የምታድሉ ድርጅቶች፣ ለእንጨት ሠልጣኝ ግራይንደር ሰጥታችሁ አትሸኙት። 190 ሚሊ ሜትር ሰርኩላር፣ ባለ 40 ጥርስ ዲስክ፣ የ2.5 ሽቦ ማራዘሚያና ስኳድራ ስጡት። ወርክሾፕ ያላችሁ ጌቶች ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ በመከለያው ላይ ያሰራችሁትን ሽቦ ፍቱት።