የተተከለ ሳይሆን የፀደቀ ይቆጠር!

ክረምት በመጣ ቁጥር የችግኝ ቁጥር እንሰማለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተባለ። ዕቅዱ 200 ሚሊዮን ነበር። እስቲ ስልካችሁን አውጡና አካፍሉት፤ በእያንዳንዷ ሰከንድ ከ8 ሺህ በላይ ማለት ነው። በ2017 ደግሞ የአንድ ቀኑ ዕቅድ 700 ሚሊዮን ደረሰ።

ልብ በሉ፣ ችግኝ መትከልን እየተቃወምኩ አይደለም። ከደባርቅ እስከ ዳባት አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ እያየ የሚኖር ሰው እንዴት ይቃወማል? የምቃወመው ቆጠራውን ነው። ያ ቁጥር ልክ ነው ብንል እንኳ የሚነግረን በዚያ ቀን ምን ያህል እንደተቆፈረ ነው። ሕዝቡ መሬቱን ከልቡ ማሰቡን አይለካም።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድኒ ላይ የጀመሩት «የምድር ሰዓት» የሚባል አለ። በዓመት አንድ ምሽት ለ1 ሰዓት መብራት ይጠፋል፣ ከዚያ ይህን ያህል ከተማ ተሳተፈ ይባላል። በዚህ መለኪያማ እኛ ከዓለም አንደኛ ነን፤ ሳንጠየቅ ነው የሚጠፋብን!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በዚያው በ2011፣ ከሐምሌው ዘመቻ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ነበር። ጓሳው ነደደ፣ አስታው ነደደ። የአካባቢው ሰው በእጁ ሲታገል ሰነበተ፤ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል እስኪመጣ ተጠበቀ። ያን ጊዜ «በሰከንድ ስንት እጅ እሳት አጠፋ» ብሎ የቆጠረ አለ? የለም። ትኩረት የሚለካው ግን ያኔ ነበር።

መምህር ነኝ። መስከረም ላይ 60 ተማሪ ተመዘገበ፤ ስለዚህ 60ውም አለፈ ብዬ ሪፖርት ባደርግ ምን ትሉኛላችሁ? አማርኛችን እኮ ነገሩን ጨርሶታል፤ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ፀደቀ» እንላለን። ፅድቅ ደግሞ በአንድ ቀን ዘመቻ አይገኝም። በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ያሉት ጥድና ወይራ ያረጁት የተከላ ቀን ተቆጥሮላቸው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃቸው ስላለ ነው።

«የፅድቀት መጠን ይነገራል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በመቶኛ ይነገራል። ግን የትኛው ቀበሌ? የትኛው ተዳፋት? ማን ቆጠረው? የተከለው አካል ራሱ ከቆጠረ ተማሪ የራሱን ፈተና አረመ ማለት ነው።

ስለዚህ ቆጠራው ሚያዝያ ላይ ይሁን፤ ዝናብ ሳይመጣ፣ ከብቱ ሁሉ ከተለቀቀ በኋላ። የአንዱን ቀበሌ የሌላው ቀበሌ ሰው ይቁጠር። ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

የሐምሌ ፎቶ ሁላችሁም ለጥፋችኋል። የሚያዝያውን ለጥፉና እንተያይ።